ለሽኮኮ ባለ .50? «አንድ ጠመንጃ ለሁሉም» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«አንድ ጠመንጃ ለሁሉም» የሚለውን ጽሑፍ ደግሜ አነበብኩት። ስለ ጥቁር ባሩድ አደን በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እንደ ልብ አይገኝም፤ ጸሐፊው ስለደከሙበት ሊመሰገኑ ይገባል። ስለ አጋዘን የጻፉትም አብዛኛው ልክ ነው። ስለ ሽኮኮ (ዛፍ ላይ ስለሚኖረው ስኩዊረል) እና ስለ ጥንቸል የሰጡት ምክር ግን ጀማሪውን ያሳስታል፤ እኔ በምኖርበት በፔንስልቬኒያ ደግሞ ከነጠመንጃው ሕግ ፊት ሊያቆመው ይችላል። ዝም ማለት ያልቻልኩት ለዚህ ነው።

ጽሑፉን ላላነበበ ክርክሩ ባጭሩ እንዲህ ነው። በምሥራቅ አሜሪካ የሚኖርና ባሩዱም እርሳሱም በአፉ የሚጎረስ የጥንት ዓይነት ጠመንጃ መግዛት ያሰበ ሐበሻ ባለ .50 ካሊበር ይግዛ። ለአጋዘን ባሩዱን ሞላ፣ ለሽኮኮ ቀነስ ያድርግ፤ ሁለት ጠመንጃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው። ባለ .32 እና ባለ .36 «የልጅ መጫወቻ» ናቸው፤ ነፋስ ያወላግዳቸዋል፣ በጥቀርሻ ይታፈናሉ። ሥጋው እንዳይበላሽ የሚሳሳ ሰው ሽኮኮውን ትቶ የተቀመጠበትን ቅርፊት ይምታ። የእርሳስና የባሩድ ወጪ ልዩነት ከቁም ነገር አይገባም። የድሮዎቹ አዳኞችም ሁሉን ያደኑት በአንድ ትልቅ ጠመንጃ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላም አነስ ያለ የሚፈልግ ካለ .45 አስታራቂ ነው።

ለጀማሪው አንድ ነገር ብቻ ላስቀድም። ካሊበር የምንለው የቧንቧው ውስጥ ስፋት በኢንች ሲለካ ነው። ባለ .50 ግማሽ ኢንች፣ ማለት 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባለ .36 ከ9 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ባለ .32 ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አረሩ በቅባት በራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ስለሚገባ ከቧንቧው ጥቂት ያንሳል።

ከሕጉ እጀምራለሁ፤ ጽሑፉ ጨርሶ አላነሣውምና። በፔንስልቬኒያ ትናንሽ እንስሳትን በአፉ በሚጎርስ ጠመንጃ፣ ነጠላ አረር እየተኮሰ የሚያድን ሰው ጠመንጃው ከ.40 መብለጥ የለበትም። ከገና በኋላ በሚከፈተው የባልጩት ጠመንጃ (ባሩዱ በባልጩት ፍንጣሪ የሚለኮስ ጠመንጃ) ወቅት አጋዘን ለማደን ደግሞ ጠመንጃው .44 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩአቸው። ለአጋዘን የተፈቀደው ለሽኮኮ ክልክል ነው፣ ለሽኮኮ የተፈቀደው ለአጋዘን ክልክል ነው። «አንድ ጠመንጃ ለሁሉም» የሚለው ሐሳብ እዚህ ክፍለ ግዛት ውስጥ ገና ከቤት ሳይወጣ ያበቃል። አስታራቂ የተባለው .45ም ለአጋዘን ብቻ የሚሆን ጠመንጃ ሆኖ ይቀራል።

ሌላው ዘንድ ሁኔታው ይለያያል። በቨርጂኒያ አጋዘን ለማደን ቢያንስ .45 ያስፈልጋል። በሜሪላንድ ዝቅተኛው .40 ሆኖ ቢያንስ 60 ግሬን (15ቱ አንድ ግራም ገደማ የሚሆን የክብደት መለኪያ ነው) ባሩድ መጉረስ አለበት። ስለዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ወገናችን በወረቀት ደረጃ ባለ .40 ገዝቶ ሽኮኮንም አጋዘንንም ማደን ይችላል፤ ጸሐፊው የአንድ ጠመንጃ ነገር ካልሆነልኝ ካሉ ሊያነሡት የሚገባው ካሊበር ይህ ነበር። እኔ ግን ለአጋዘን አልመክረውም። የ.40 አረር ክብደት 89 ግሬን፣ ከ6 ግራም በታች ነው። ሕጉ ስለፈቀደ እንስሳውን ማሰቃየት ተገቢ አይሆንም። ደንቦቹ የሚሻሻሉበት ጊዜ ስላለ፣ በየዓመቱ ፈቃድ ስታወጡ የሚወጣውን መመሪያ አንብቡ፤ የእኔንም ጽሑፍ ቢሆን በእምነት አትቀበሉት።

ይህ ነገር የሚዘነጋበት ምክንያት ያለ ይመስለኛል። የ1968ቱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የፌዴራል የጦር መሣሪያ ሕግ እነዚህን ጠመንጃዎች እንደ ጥንታዊ ዕቃ ስለሚያያቸው በብዙ ክፍለ ግዛቶች እንደ ማንኛውም ሸቀጥ በፖስታ ታዝዘው በር ላይ ይደርሳሉ። ሲገዛ ወረቀት ያልጠየቀው ሰው ሲያድንም ጠያቂ ያለበት አይመስለውም። የአደን ሕግ ግን ሌላ ነው፤ የጫካው ተቆጣጣሪ ጠመንጃው የት እንደተገዛ ሳይሆን ምን ያህል እንደሚሰፋ ነው የሚጠይቀው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ጸሐፊው «ባሩዱን ወደ 30 ግሬን ብታወርደው ባለ .50 ለሽኮኮ የዋህ ይሆናል» ይላሉ። ባሩዱ ሲቀንስ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ እውነት ነው። አረሩ ግን አይቀንስም። ለባለ .50 የሚሆነው ባለ .490 ድቡልቡል አረር 177 ግሬን ይመዝናል። ለባለ .36 የሚሆነው ባለ .350 አረር 64 ግሬን፣ ለባለ .32 የሚሆነው ባለ .310 አረር 45 ግሬን ነው። በእኩል ፍጥነት ከሄዱ የ.50ው ጉልበት የ.32ትን አራት እጥፍ ያህል ነው። የሚከፍተው ቀዳዳ ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ ስፋት አለው። ይህ የሚያርፈው ግማሽ ኪሎ ገደማ በሚመዝን ግራጫ ሽኮኮ ላይ ነው።

ጭንቅላቱን ለመታ ሰው ልዩነት የለውም ይሉኝ ይሆናል። ጭንቅላቱን በትክክል ለመታ ሰው፣ አዎ፣ ሥጋው ይተርፋል። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። የእነዚህ ጠመንጃዎች ማነጣጠሪያ አብዛኛውን ጊዜ ቋሚ ነው፤ በሞረድ ተስሎ ለአንድ የባሩድ ልክ፣ ለአንድ ርቀት ይስተካከላል። በ80 ግሬን በ75 ያርድ መሐል የሚመታ ባለ .50 በ30 ግሬን በ25 ያርድ ላይ ሌላ ቦታ ይመታል። አንዱ ከፍ፣ ሌላው ዝቅ፣ አንዳንዴም ወደ ጎን። አጋዘን ላይ የሁለት ጣት ስሕተት ምንም አይደለም፤ የሽኮኮ ጭንቅላት ግን ከዶሮ እንቁላል እምብዛም አይበልጥም። እንግዲህ ሁለት ዓይነት ማነጣጠር በቃል ይዞ እንደ ወቅቱ የሚቀያይር ሰው ሊኖር ይችላል። ጀማሪ ግን አይደለም፤ ጽሑፉ የተጻፈው ደግሞ ለጀማሪ ነው። ሁለተኛ ጠመንጃ መግዛት ገንዘብ መበተን ነው ያሉት ጸሐፊ፣ አንዱን ጠመንጃ ሁለት ጊዜ መማር ምን ያህል ባሩድና ቅዳሜ እንደሚበላ አላሰሉትም።

እግረ መንገዴን፣ ጽሑፉ ውስጥ «ደግሞ ሽኮኮ የሚበላ ሐበሻ አለ ወይ? ሥጋው ቢበላሽ ምን ይጎድልብናል?» የሚል ቀልድ አለ። ቀልዱ ገብቶኛል። ጥንቸል በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በስሟ ተጠቅሳ የተከለከለች ናት፤ ሽኮኮም በእኛ ገበታ የለም። የገደልኩትን የሚወስድ ጎረቤት አለኝ፤ በቲማቲምና በበቆሎ አድርጎ ወጥ ይሠራበታል፣ ቆዳውንም አይጥልም። የሚበላለት ሰው የሌለው አይተኩስ። «አንበላውም» የሚለው ምክንያት የሚያስተምረን አለመተኮስን እንጂ በትልቅ አረር መበታተንን አይደለም።

ቅርፊቱን ስለ መምታት ደግሞ። ጸሐፊው የጠቀሱት ታሪክ ዝነኛ ነው። የወፎች ሠዓሊው ጆን ጄምስ ኦዱቦን፣ ዝነኛው አዳኝ ዳንኤል ቡን በኬንታኪ፣ በፍራንክፈርት ከተማ አጠገብ በወንዝ ዳር ቆሞ ሽኮኮዎችን ሳይነካ ሲገድል አይቻለሁ ብሎ ጽፏል። እንስሳው 50 እርምጃ ያህል ርቆ ቅርንጫፍ ላይ ተለጥፎ ሳለ አረሩ ከሆዱ ሥር ያለውን ቅርፊት ይፈነቅለዋል፤ ንዝረቱ ይገድለዋል። የሚያምር ትረካ ነው። የታሪክ ሰዎች ግን ይህ ግንኙነት ስለ መኖሩ ይጠራጠራሉ፤ ቡን ኬንታኪን ለቆ ወደ ሚዙሪ የሄደው በ1799 ሲሆን ኦዱቦን ኬንታኪ የገባው በ1807 ነው። ዘዴው ፈጽሞ አይሠራም አልልም፤ ተሳክቶላቸው ያየኋቸው አሉ። ነገር ግን በሽኮኮው ሆድና በቅርፊቱ መካከል ያለውን የጣት ስፋት መምታት የሚችል ተኳሽ ጭንቅላቱንም መምታት ይችላል። ከዚያ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ሽኮኮ ያለው ዛፍ ላይ ነው፤ ጠመንጃው ወደ ላይ ይዞራል። ቅርፊቱን የሳተ ወይም ቅርፊቱን ሸርፎ ያለፈ 177 ግሬን እርሳስ ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ የሆነ ቦታም ይወርዳል። ትልቅ ድቡልቡል አረር ከትንሹ ይልቅ ፍጥነቱን ይዞ ስለሚሄድ ርቆ ይወርዳል። የምናድንባቸው ጫካዎች ከቤቶች ብዙ የራቁ አይደሉም፤ ፔንስልቬኒያ ሰው ከሚኖርበት ሕንፃ 150 ያርድ ራቁ የምትለው ለአረሩ መውረጃ ሳይሆን ለደንብ ያህል ነው። ከሽኮኮው በስተጀርባ ግንድ ወይም ወፍራም ቅርንጫፍ ከሌለ አለመተኮስ ነው። ይህ በማንኛውም ካሊበር እውነት ነው፤ ስሕተት የተፈጠረ ዕለት ግን 64 ግሬን ሆኖ ቢገኝ ይሻላል።

ስለ ጥቀርሻ ከእርሳቸው ጋር እስማማለሁ፤ ጽሑፉ ውስጥ ጠንካራው ነጥብም ይኸው ነው። ጥቁር ባሩድ ሲነድ ግማሽ ያህሉ ጋዝ ሳይሆን አመድና ደቃቅ ጠጣር ይሆናል። ሰፊ ቧንቧ ያንን ይችላል፤ ጠባብ ቧንቧ ውስጥ ግን ከጥቂት ተኩስ በኋላ አረሩ እየተናነቀ ይወርዳል። ባለ .32 የያዘ ሰው በየተኩሱ መሐል እርጥብ ጨርቅ ሰድዶ ካልወለወለ ይቸገራል። የመጠቅጠቂያው ዘንግም ችግር ነው። ባለ .32 ቧንቧ ውስጥ የሚገባው የእንጨት ዘንግ ከ7 ሚሊ ሜትር ብዙ አይበልጥም፤ ተጨንቆ የተገፋ ቀጭን እንጨት ደግሞ ይሰበራል፤ ስባሪውም መዳፍ ይወጋል።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚወጣው መደምደሚያ «ስለዚህ .50 ግዛ» የሚለው አይደለም። «ስለዚህ .36 ግዛ» ነው። በ.32 እና በ.36 መካከል ያለው አንድ ሚሊ ሜትር በወረቀት ላይ ኢምንት ነው፤ በእጅ ላይ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው። ባለ .36 ቧንቧ የ8 ሚሊ ሜትር ዘንግ ይቀበላል። በኅዳር ብርድ የደነዘዙ ጣቶች ባለ .310 አረር ጨርቁ መሐል ላይ ለማስቀመጥ ሲታገሉ ያየ ሰው ባለ .350 አረር ምን ያህል እንደሚቀል ያውቃል። ባሩዱን ስትለኩም እንዲሁ ነው፤ 20 ግሬን በሚጎርስ ጠመንጃ ላይ የ5 ግሬን ስሕተት የልኩን ሩብ ነው የሚያዛባው። ጸሐፊው ሁለቱን ትናንሽ ካሊበሮች በአንድ ከረጢት ከትተው በአንዱ ጥፋት ሁለቱንም ቀጥተዋል።

እዚሁ ላይ ጽሑፉ ያላነሣውን ላንሣ፤ ስለ ጥቀርሻ ተነሥቶ ይህን መዝለል አይገባምና። አረሩ በጥቀርሻ ተይዞ መንገድ ላይ ከቀረና በባሩዱና በአረሩ መካከል ባዶ ቦታ ከተተወ፣ ሲተኮስ ቧንቧው ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጠመንጃው ባዶ ሳለም ልኩን ጎርሶ ሳለም ዘንጉን እስከ መጨረሻው ከትታችሁ በአፈሙዙ ትክክል ምልክት አድርጉበት፤ ስትጎርሱ የጎረሰበቱ ምልክት አፈሙዙ ላይ ካልደረሰ አትተኩሱ። ቅባቱ የእንስሳ ሞራና ሰም ቅልቅል ቢሆን በብርድ ይጠነክራል፤ ያኔ ሞራውን በዛ ማድረግ ነው። በጥቁር ባሩድ ፋንታ የዘመናዊ ጥይት ጭስ አልባ ባሩድ የጎረሰ ሰው ደግሞ ጠመንጃውን ብቻ ሳይሆን ዓይኑንና እጁን ሊያጣ ይችላል። ይህን ቀልድ አድርጎ የሚያይ ሰው አጋጥሞኛል።

«ነፋስ ይወስዳቸዋል» ለሚለው ብዙ አልደክምም። ትንሽ ድቡልቡል አረር በነፋስ መገፋቱ እውነት ነው፤ በ100 ያርድ ሜዳ ላይ። ሽኮኮ የሚታደነው በጫካ ውስጥ፣ በ20 እና በ35 ያርድ መካከል ነው። ነፋስ በበረታ ቀን ደግሞ ሽኮኮ ራሱ አይወጣም።

«የልጅ መጫወቻ» የሚለው ስድብም በቁጥር ሲታይ አይቆምም። በዚህ አገር በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሽኮኮ የሚገደለው በተለመደው በ.22 ጥይት ነው፤ የተለመደችው ጥይት 40 ግሬን ትመዝናለች። የ.32 አረር 45 ግሬን ነው። በ20 ግሬን ባሩድ ሲተኮስ ከ.22ቱ የሚያንስ አይደለም። የ.36ቱ ደግሞ ይበልጠዋል። የ.22ን በቂነት ማንም ሳይጠራጠር የ.36ን በቂነት የሚጠራጠር ሰው ያልተመቸው ጭሱ መሆን አለበት።

ስለ ወጪው ሁለት ነገር ልለይ። የባሩዱን ለእርሳቸው እተውላቸዋለሁ። አንድ ፓውንድ ባሩድ 7,000 ግሬን ነው፤ በ30 ግሬን 233 ጊዜ፣ በ25 ግሬን 280 ጊዜ ያስተኩሳል። ይህ ለክርክር አይበቃም። እርሳሱ ግን ሌላ ነው። ከአንድ ፓውንድ ንጹሕ እርሳስ ባለ .490 አረር 39 ብቻ ይወጣል። ባለ .350 ግን 108፣ ባለ .310 ደግሞ ከ150 በላይ። አረሩን ራሱ አቅልጦ ለሚያፈስ ሰው ይህ ማለት በአንዱ ማቅለጫ ሦስት እጥፍ ልምምድ ማለት ነው። ሽኮኮ የሚያድን ሰው ደግሞ ከአጋዘን አዳኝ ይልቅ ብዙ መለማመድ አለበት፤ ኢላማው ያን ያህል ያንሳልና። እርሳሱም ለስላሳ ንጹሕ እርሳስ መሆን አለበት፤ ከመኪና ጎማ የሚነቀለው ማመዛዘኛ ስለሚጠነክር በጨርቅ ተጠቅልሎ በደንብ አይጨበጥም።

ይህ የእርሳስ ሒሳብ የእኔ ፈጠራ አይደለም፤ የድሮዎቹም ሒሳብ ይኸው ነበር። ወደ ታሪኩ የምመጣውም በዚህ በኩል ነው። የፔንስልቬኒያ ጠመንጃ ሠሪዎች፣ በላንካስተርና በአካባቢው የሰፈሩት የጀርመን ተወላጆች፣ ጠመንጃን በኢንች አልጠሩትም። አንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት አረር ይወጣዋል ብለው ነበር የሚለኩት። ወጥ የሆነ ልክ ስላልነበረም እያንዳንዱ ጠመንጃ የራሱ የአረር ማፍሰሻ አብሮት ይሰጥ ነበር። ከተራራው ማዶ፣ ሱቅ በሌለበት፣ እርሳሱን በጀርባው ተሸክሞ ለሚሄድ ሰው ከአንድ ፓውንድ 40 አረር ማውጣትና 100 ማውጣት የመክረምና የመመለስ ልዩነት ነበር። ጸሐፊው «ከቁም ነገር አይገባም» ያሉት ነገር ያኔ የጠመንጃው መለኪያ ነበር።

«ሁሉን በአንድ ትልቅ ጠመንጃ አደኑ» የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። በ1700ዎቹ አጋዘንና ድብ በነበሩበት፣ ጦርነትም በማይጠፋበት ዘመን የተሠሩት ረጃጅም ጠመንጃዎች በአመዛኙ ሰፋ ያሉ ነበሩ። በምሥራቁ ጫካው ተመንጥሮ አጋዘኑ ሲመናመን ግን፣ በ1800ዎቹ፣ አዳዲሶቹ ጠመንጃዎች እየጠበቡ ሄዱ፤ የቀረው አደን ሽኮኮ ነበርና። በ1862 መስከረም፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ የደቡቡ ጦር የኦሃዮዋን ከተማ ሲንሲናቲን ሲያስፈራራ የኦሃዮው ገዥ ዴቪድ ቶድ መሣሪያ ያለው ሁሉ እንዲመጣ ጥሪ አደረገ፤ ከየእርሻው የየቤታቸውን ጠመንጃ ይዘው የደረሱት 15,766 ሰዎች «የሽኮኮ አዳኞች» ተባሉ። ስሙ የተሰጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዚያ ዘመን የገበሬ ጠመንጃ የሽኮኮ ጠመንጃ ነበር።

ጸሐፊው በሙዚየም ያዩትን ጠመንጃ ስፋት እንደ ማስረጃ አቅርበዋል። እዚህ ላይ ማወቅ ያለባቸው ነገር አለ። በቧንቧው ውስጥ ያሉት ጠመዝማዛ ቦዮች ሲበሉ ባለጠመንጃው አይጥለውም ነበር፤ ለሠሪው መልሶ እንደ አዲስ ያስቦርቀው ነበር። በተቦረቀ ቁጥር ቧንቧው ይሰፋል። ዛሬ ተለክቶ .45 የተጻፈበት ጠመንጃ ሲወለድ .40 ወይም ከዚያ በታች ሊሆን ይችላል። ሙዚየሙ የሚያሳየን ጠመንጃው ሲያረጅ የደረሰበትን ስፋት ነው።

የእኛውንም አያቶች ጠቅሰዋል፤ «አያቶቻችን በአንዲት ነፍጥ አንበሳም ሚዳቋም ጣሉ» ብለው። የአያቶቻችን ነፍጥ በምርጫ የተያዘ አልነበረም፤ የተገኘው ነው የተያዘው። በአፋቸው የሚጎርሱ ጠመንጃዎች የያዘው የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር በ1868 በመቅደላ አጠገብ በአሮጌ ሜዳ ከኋላ በሚጎርሱት የእንግሊዝ ስናይደር ጠመንጃዎች ፊት ምን እንደገጠመው እናውቃለን። የጦር መሣሪያን ለሽኮኮ አደን ምሳሌ ማድረግ ነገር ማምታታት ነው።

ስለ ጥንቸል አንድ ቃል። ጽሑፉ ጥንቸልን ከሽኮኮ ጋር አንድ አድርጎታል። የቆመች ጥንቸል ካገኛችሁ የሽኮኮው ጠመንጃ ይበቃል። በውሻ የተነሣችና የምትሮጥ ጥንቸል ግን ለነጠላ አረር አትሆንም፤ በማንኛውም ካሊበር። ለእርሷ ቦይ የሌለው፣ ደቃቅ የእርሳስ ፍሬዎችን የሚበትን ባለ 20 ጌጅ ይሻላል፤ እርሱም በአፉ የሚጎርስ ሆኖ ይገኛል።

እንግዲህ «አንተስ ምን ትላለህ» ለሚለኝ፦ ባለ .36። ከ20 እስከ 30 ግሬን የደቀቀ ባሩድ፣ ሦስት ኤፍ የሚባለውን፣ ባለ .350 አረር፣ በቅባት የራሰ የጥጥ ጨርቅ። የጨርቁን ውፍረት ጠመንጃችሁ ራሱ ይነግራችኋል፤ ከተኩስ በኋላ መሬት ላይ የወደቀውን ጨርቅ አንሥታችሁ እዩት። ጠርዙ ተቃጥሎ መሐሉ ደህና ከሆነ ልክ ነው። ከተቀደደ ወይም ከተበሳ ወፈር ያለ ሞክሩ፣ ወይም ባሩዱን ቀንሱ። ባለ .32 በእጃችሁ ካለ አትሽጡት፤ መወልወል ብቻ አትስነፉ። ባለ .40 ቆንጆ ካሊበር ነው፣ ሜሪላንድ ለሚኖር ደግሞ በተለይ፤ አረሩና ማፍሰሻው ግን በየሱቁ አይገኝም። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ በአንድ ዓይነት ውጫዊ ውፍረት ከተሠሩ ጠባቡ ቧንቧ ከሰፊው ይከብዳል፤ ብረቱ ስላልተቦረቀ ነው። ስለዚህ ባለ .36 ስትገዙ ቧንቧው ራሱ ቀጠን ብሎ የተሠራውን ፈልጉ፤ ቀኑን ሙሉ ትከሻ ላይ የሚውለው እርሱ ነው።

ባልጩት የሚለኮሰውን ከመረጣችሁ እውነተኛ ጥቁር ባሩድ ግዙ። በምትኩ የሚሸጡት ድብልቆች ለመለኮስ የበለጠ ሙቀት ስለሚፈልጉ በባልጩት ፍንጣሪ ይለግማሉ። ጥቁሩን ባሩድ የሚያከማች ሱቅ ጥቂት ነው፤ ከጓደኞች ጋር ተደራጅቶ በአንድ ላይ ማዘዝ የተሻለ ነው። ሲመሽ በሙቅ ውኃ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ዘይት ሳይቀባ አይደር፤ ጥቀርሻው እርጥበት ስለሚስብ ለነገ የተባለ ቧንቧ በዝገት ያድራል።

ገንዘቡ ለአንድ ጠመንጃ ብቻ የሚበቃውና እንደ እኔ ፔንስልቬኒያ የሚኖረው ጀማሪስ? ጸሐፊው አጋዘኑን አስቀድም ይላሉ። እኔ ሽኮኮውን እላለሁ። የሽኮኮ ወቅት ከመስከረም ጀምሮ ለወራት ክፍት ነው፤ የባልጩት ጠመንጃ የአጋዘን ወቅት ግን ከገና በኋላ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ። በባለ .36 አንድ ወቅት ሙሉ ጎርሶ፣ ተኩሶ፣ ስቶ፣ ወልውሎ የከረመ ሰው ባለ .50ውን በሚቀጥለው ዓመት ሲገዛ የሚማረው አዲስ ነገር የትከሻውን ግፊት ብቻ ነው።